የሸሁን ስም አትቁረጡት

ለአዘጋጁ፣

አሰላሙ አለይኩም። ስለ መውሊድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስልክ ሐድራን፣ ተሰብስቦ መንዙማ እያሉ ዱዓ ማድረጉን፣ እያጠፋው ነው የሚለው ግን አልተዋጠልኝም።

ያደግኩት አዳማ ነው። ሐሙስ ማታ ቤታችን ሐድራ ነበር። እናቴ ቡና ታፈላለች፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ድቤው እስከ እኩለ ሌሊት ይመታል። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ድቤው አልሆነም። ጎረቤት ሕፃን አለ፣ ማልዶ ሥራ የሚሄድ አለ። እናቴ አላኮረፈችም። ሐድራውን ወደ እሁድ ከሰዓት አዞረችው፤ በድቤው ፈንታ እናጨበጭባለን። ጅዳና ዱባይ ያሉት እህቶቼ በቴሌግራም ይገባሉ። ዱዓ ሲደረግ ስማቸው ይነሳል፣ «አሚን» ሲሉ ከስልኩ ይሰማል። የእናቴ እንባ የሚመጣው ያኔ ነው።

ባሌ ወዳለው የሼህ ሁሴን መቃብር፣ ድሬ ሼህ ሁሴን፣ የሚሄዱ ጎረቤቶቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ድሮ በእግር ቀናት የሚፈጀውን መንገድ ዛሬ በአሰላ በኩል በመኪና ይሄዱታል። ጫፉ መንታ የሆነውን በትር፣ ኡሌውን፣ ግን አይተዉም።

ደግሞ የወሎ ሸሆች ራሳቸው ምን አደረጉ? ዓረብኛ የማያውቀው ገበሬ እንዲገባው ብለው የአማርኛ መንዙማ ገጠሙ፣ በዓረብኛ ፊደልም ጻፉት። ዓጀሚ የምንለው እሱን ነው። ያኔም እኮ ሰው ወዳለበት መሄድ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጠሪቃ፣ የሱፊዎቹ መንገድ፣ ሲልሲላ አለው፤ ከሸህ ወደ ሸህ የሚወርድ ሰንሰለት ማለት ነው። ቃዲሪያም ይሁን ቲጃኒያ፣ ሙሪዱ፣ ማለትም ተማሪው፣ ከሸሁ ይቀበላል፣ ሸሁም ከሸሁ። ከማን እንደተቀበልክ ካላወቅክ ምን ይዘሃል? ዩቲዩብ ላይ ግን ብዙው መንዙማ ስም አልባ ሆኗል። በቀደም አንድ ልጅ የሚሰማውን መንዙማ ማን እንደገጠመው ስጠይቀው የቻናሉን ስም ነገረኝ። እናቴ ያንኑ መንዙማ ከአባቷ ነው የያዘችው። አባቷ ከየትኛው ሸህ፣ የት አገር እንደሰሙትም ትናገራለች።

የሐረሩ ሸዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ ሲመዘገብ በጣም ደስ ብሎኛል። የእያንዳንዱን መንዙማ ባለቤት ግን ዩኔስኮ አይጽፍልንም። ቻናል ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ከቪዲዮው ሥር የሸሁንና የአገሩን ስም አስፍሩ። እናንተም ስለ መንዙማ ስትዘግቡ ገጣሚውን ጠይቁ። ካላወቃችሁ አዛውንቶቹ አሉ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ እሁድ ከሰዓት በሯ ክፍት ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ