ልጃችንን ከመተንፈሻ መሣሪያ ላላቀቃችሁልን ሁሉ

በሜሪላንድና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወዳጅ ዘመዶቻችን፣ እንዲሁም በአገር ቤት ሆናችሁ ስትጸልዩልን የከረማችሁ ሁሉ፦

በ25 ሳምንት ከ4 ቀን የእርግዝና ዕድሜ፣ 740 ግራም ብቻ መዝና የተወለደችው ልጃችን፣ ሆስፒታል ውስጥ 103 ቀን ቆይታ ባለፈው ሳምንት ያለ ቱቦና ያለ ኦክስጅን ቤቷ ገብታለች። ስትደውሉልን ስልክ ሳናነሳ፣ ስናነሳም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነች» ከማለት በቀር ዝርዝሩን ሳንነግራችሁ ከርመናልና፣ የምናመሰግናችሁ ስለ ምን እንደ ሆነ በቅጡ እንድታውቁት ይህን ጽፈናል።

በዚያ ዕድሜ የሚወለድ ሕፃን ሳንባው የአየር ከረጢቶቹን ገና ሠርቶ አልጨረሰም፤ አየር በወጣ ቁጥር ከረጢቶቹ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርገው ሰርፋክታንት የተባለው ፈሳሽም በበቂ መጠን የለውም። ስለዚህ ልጃችን በተወለደች በደቂቃዎች ውስጥ የውስጥ ስፋቱ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በአፏ በኩል ወደ መተንፈሻ ቧንቧዋ ገባ፤ ከአሳማ ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንትም በዚያው ተሰጣት። (አያቷ ስለ አሳማው እስከ ዛሬ አልሰሙም፤ ይህን የሚያነብላቸው ሰው እባክዎ ይህችን መስመር ይዝለልልን።)

ሐኪሟ በመጀመሪያው ሳምንት ያስረዱን፣ በቱቦው በኩል አየር የሚገፋላት መተንፈሻ መሣሪያ ሕይወቷን እያቆየ ያንኑ ሳንባዋን እንደሚጎዳ ነበር። የሚገፋው አየር ስስ የሆነውን ሳንባ ይለጥጠዋል፤ ኦክስጅኑ ሲበዛ ዓይንንም ይጎዳል፤ ቱቦው በቆየ ቁጥር ኢንፌክሽን ያሰጋል። ቶሎ ቢወጣ ደግሞ ትደክምና መተንፈሷን ታቆማለች። ይህን ሁሉ የሰማነው በስልክ አስተርጓሚ በኩል ስለ ነበር፣ ሰውየው «እንግዲህ ልጅቷን ጡት ማስጣል እንጀምራለን ይላሉ» ብሎ ተረጎመልን። ገና አንድ ቀን እንኳ አጥብታት የማታውቀው ባለቤቴ ደንግጣ «ምኑን ጠብታ ነው የምትጥለው?» አለች። ለሌላ ክፍል የተመደበች አንዲት ሐበሻ ነርስ በበሩ በኩል ስታልፍ ሰምታን ገባችና «እህቴ፣ ከማሽኑ ቀስ በቀስ እናላቅቃታለን ማለታቸው ነው፤ በእንግሊዝኛ ለሁለቱም ቃሉ አንድ ነው» አለቻት። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ቱቦው በእኛ ዘንድ «ጡቱ» ተብሎ ቀረ። ያቺ ነርስ በዕረፍት ሰዓቷ እየመጣች በመሣሪያው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ባታስረዳን ኖሮ፣ ማስጠንቀቂያው በጮኸ ቁጥር ልባችን በቆመ ነበር።

ማላቀቁ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት የሚሠራ ሥራ ነው። የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያዎቹ ከተረከዟ ጠብታ ደም ወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይዷን ያያሉ፤ የመሣሪያውን ግፊት ይቀንሳሉ፤ በደሟ ያለው ኦክስጅን ከ90 እስከ 95 በመቶ መካከል እንዲቆይ አየሩን ይመጥናሉ። በ12ኛው ቀን ቱቦውን ለማውጣት ተወሰነ። ባለሙያዋ ፕላስተሩን ከጉንጯ ላይ ስታነሣ ቆዳዋ አብሮ እንዳይላጥ በረጠበ ጥጥ እያራሰች፣ አንዱን ጥግ ብቻ ለማላቀቅ ብዙ ደቂቃ ፈጀባት። ቱቦው በድምፅ አውታሮቿ መካከል ያልፍ ስለ ነበር እስከዚያች ቀን ስታለቅስ ፊቷ ሲጨማደድ እንጂ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም ነበር፤ ሲወጣ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ለቅሶ ሰማን። ከ31 ሰዓት በኋላ መተንፈሷን ደጋግማ እያቆመች የልብ ምቷ ስለ ወረደ ቱቦው ተመለሰ። በዚያች ሌሊት «አልቻለችም» ያለ ሰው አልነበረም፤ «ሳንባዋ ገና ነው» አሉን። ለዚህች አነጋገራቸው ብቻ ለየብቻ ልናመሰግናቸው እንወዳለን።

ቡና ለዓለም ካበረከተ አገር መጥተን፣ ልጃችሁ በየቀኑ ካፌይን ትወስዳለች ሲሉን ስቀናል። መተንፈስን ለሚዘነጋ ጨቅላ አእምሮ ማንቂያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በወጣ፣ 2,000 ያህል ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት፣ ካፌይን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው አንድ ሳምንት ያህል ቀድመው ከመተንፈሻ ድጋፍ ወጥተዋል። በ27ኛው ቀን፣ ጉዳቱንም ጥቅሙንም አስረድተው ፈቃዳችንን ከጠየቁ በኋላ የሳንባን እብጠት የሚቀንሰውን ዴክሳሜታሶን የተባለ መድኃኒት በትንሽ መጠን ሰጥተዋት ነበርና፣ ቱቦው ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ተመልሶ አልገባም። በአፍንጫ የማያቋርጥ የአየር ግፊት በሚሰጠው ሲፓፕ በተባለው መሣሪያ ላይ ሆና፣ እናቷ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተጣብቃ ለሰዓታት ትውል ጀመር፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1978 በቦጎታ፣ ኢንኩቤተር (የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ) ባነሰበት ሆስፒታል የተጀመረ ዘዴ መሆኑን የነገሩን እዚያው ነው።

አንድ ምሽት አንጋፋው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሞተው ስለ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ስለ ፓትሪክ አጫወቱኝ። ከልጃችን ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ክብደት እያለው፣ በዚሁ የሳንባ ሕመም በ39 ሰዓቱ ዐረፈ። ሐኪም ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የሕመሙ መንሥኤ የሰርፋክታንት እጥረት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1959 አሳይታ ነበር፤ ጃፓናዊው ፉጂዋራ ፈሳሹን ለሕፃናት ሰጥቶ ውጤቱን ያሳተመው ግን እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ለእነዚህም ምስጋናችን ይድረስ።

ለንስሐ አባታችን፦ መስቀልዎን በአልኮል አስጠርገው፣ ከኢንኩቤተሩ ውጭ ቆመው ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ስለ ደገሙልን ጸሎት እግዚአብሔር ይስጥልን። በ80ኛው ቀን ክርስትና ልትነሣ ሲገባት ገና ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ነበር። አሁን በሚቀጥለው ወር ትነሣለች፤ ቀኑን እናሳውቃችኋለን።

ለሰንበቴ ማኅበራችን እናቶች፦ አጥሚቱና ገንፎው በየሌሊቱ ደርሶናል፤ ባለቤቴ ወተቷ ያልነጠፈው በእናንተ ነው። ምሳ ዕቃዎቻችሁን አጥበን ደርድረናል። አረንጓዴ ክዳን ያለው ፔርሙስ ግን ስም ስላልተጻፈበት የማን እንደ ሆነ አላወቅንም፤ ባለቤቷ ለክርስትናው ስትመጣ ትውሰደው።

የሕፃኗ እናትና አባት