በዚያች ሌሊት ከጎናችን ለነበራችሁ ሁሉ

ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ከተገላገለች ስድስት ሳምንት ሞላት። ትናንት ለክትትል ቀርባ የደም መጠኗ ወደ ጤናማ ልኩ እንደተመለሰ፣ ማህፀኗም ወደ ቦታው እንደገባ ተነገረን፤ እኔም ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ስጠብቅ የቆየሁት ይህንኑ ቃል ነበር። ምስጋና ሳይውል ሳያድር መቅረብ እንዳለበት አውቃለሁ። ነገር ግን ልቤ ገና ሳይረጋጋ ብጽፈው፣ እናንተ በዚያች ሌሊት የሠራችሁትን ሥራ ትቼ የራሴን ፍርሃት ብቻ እንዳልተርክ ሰጋሁ። አሁን ልጄ ከጎኔ ተኝታለች፤ እናቷም በሚቀጥለው ክፍል ከታላቁ ልጃችን ጋር ስትጫወት ድምጿ ይሰማኛል። ስለዚህ የሆነውን እንደ ሆነው ጽፌ፣ ማንን ስለ ምን እንደማመሰግን ለይቼ ለመናገር እችላለሁ።

በቅድሚያ ስለ አንድ በር ልናገር። የመጀመሪያው ልጃችን የተወለደው በሌላ ቦታ ሲሆን፣ እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ከማዋለጃ ክፍሉ በር ውጪ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። ወጥቶ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጠጋ እያልኩ፣ ከውስጥ ከሚሰሙት ድምፆች የባለቤቴ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ስሞክር ነጋ። ልጁም እናቱም በሰላም ወጡ፤ ሆኖም እርሷ ያንን ቀን ባነሳች ቁጥር የምትናገረው ስለ ሕመሙ ሳይሆን «አጠገቤ የማውቀው ሰው አልነበረም» የሚለውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ወላድ በምጥም ሆነ በወሊድ ጊዜ እርሷ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መምከሩን፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ እናቶች ምጣቸው እንደሚያጥርና ያለ ቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል በጥናት መታየቱን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በዚያ በር ላይ የቆምኩባቸውን ሰዓታት የሚያህል ቁጭት በሕይወቴ የለኝም፤ ባለቤቴም ያጣችው ነገር ሊሰጣት ይገባ የነበረ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

በመሆኑም የመጀመሪያው ምስጋናዬ የሚደርሰው፣ በዚህኛው እርግዝና ገና በመጀመሪያው የክትትል ቀን «ስትወልጂ ማን አብሮሽ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» ብላ ባለቤቴን ለጠየቀቻት፣ መልሷንም በካርዷ ላይ ለጻፈችው ነርስ ነው። እኔ እዚያው ተቀምጬ እያለሁ ጥያቄው ለእኔ ሳይሆን ለእርሷ መቅረቡ ትክክል ነበር። «እርሱ ይሁን» ስትል የተሰማኝን እዚህ ለመግለጽ አልሞክርም።

ምጥ የጀመራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነበር። በመጀመሪያ በየሃያ ደቂቃው መጥቶ የሚሄድ የወገብ ሕመም ስለነበር አልቸኮልንም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን በየአምስት ደቂቃው ይመላለስ ጀመር፤ ሽርት ውሃዋም ፈሰሰ። ስንደርስ የተቀበሉን በዕድሜ ጠና ያሉ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ሲስተር፣ ስምዎን እዚህ ባልጠራም የሚከተለው የተጻፈው ለእርስዎ መሆኑን ያውቁታል።

ሲመረምሯት የማህፀኗ በር 4 ሴንቲ ሜትር ተከፍቶ አገኙት፤ ምጡ በርትቶ የሚፋጠነው ከ5 ሴንቲ ሜትር ወዲያ እንደሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ የሚባለውም 10 ሲደርስ እንደሆነ ለእርሷ ነገሯት፤ እኔም እንድሰማ ድምፅዎን ከፍ አደረጉልኝ። ከዚያም ያሳዩኝ ነገር እስከ ዛሬ እጄ ላይ ቀርቷል። መዳፌን ሆዷ አናት ላይ አስቀምጠው የራስዎን መዳፍ ከላይ ደረቡበትና «ዝም ብለህ ጠብቅ ልጄ፤ እርሷ ሳይሰማት አንተ ይሰማሃል» አሉኝ። እውነትም ለስለስ ብሎ የነበረው ሆዷ ከመዳፌ ሥር ቀስ በቀስ እየተወጠረ፣ እንደ ግንባር እየጠነከረ ሲመጣ ፊቷ ላይ ገና ምንም አይታይም ነበር። «መጣ» አልኳት። እርሷም ሕመሙ ሳይቀድማት ትንፋሿን ሰብስባ ጠበቀችው። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ሥራዬ ይህ ነበር፤ ሲጀምር «መጣ» ማለት፣ ሲበረታ ወገቧን በመዳፌ አጥብቄ መጫን፣ ሲለቃትም «አለፈ» ማለት። ከበር ውጪ አሥራ አንድ ሰዓት ምንም ሳያደርግ ለቆመ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ሹመት እንደሆነ እርስዎ ያወቁት ይመስለኛል።

በየግማሽ ሰዓቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ የፅንሱን የልብ ምት ያዳምጡ ነበር፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና እንደሆነ ስለነገሩኝ ቁጥሩን በጠሩ ቁጥር እኔም አብሬ ተነፈስኩ። መግፋት ስትጀምር ደግሞ በየአምስት ደቂቃው አዳመጡ። ባለቤቴ «አልችልም፣ በቃኝ» ባለች ጊዜ ሳይቆጧት፣ ድምፅዎንም ሳያነሱ «አይዞሽ የኔ እናት፣ እየቻልሽ እኮ ነው» አሏት። እግሯ ከጉልበቷ በታች በብርድ ሲንቀጠቀጥ አይተው ከቦርሳዎ የራስዎን የሱፍ ካልሲ አውጥተው አለበሷት። ልጃችን ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ20 ላይ ተወለደች። እንዳለቀሰች ደረቷ ላይ አስተኟት፤ እትብቱንም ወዲያው አልቆረጡትም። ሰማያዊና ወፍራም ሆኖ ሲመታ ቆይቶ፣ ምቱ እየደከመ ሄዶ ሲቆምና ሲነጣ በዓይኔ አየሁት። በእነዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች የልጅቷ የራሷ የሆነው ደም ከእንግዴ ልጁ ወደ ሰውነቷ እየገባ እንደነበር ያስረዱኝ ቆየት ብለው ነው።

ደስታችን የቆየው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። የእንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ ወጥቷል፤ ልጅቷ እንደተወለደች በእናቲቱ ጭን ላይ የሚሰጠው፣ ማህፀን የሚያኮማትረው የኦክሲቶሲን መርፌም ለባለቤቴ ተሰጥቷታል። ሆኖም ሲስተር እጃቸውን ሆዷ ላይ ሲያሳርፉ ድንገት ዝም አሉ። ያ እንደ ግንባር ይጠነክር የነበረው ቦታ ልስልስ ብሎ ቀርቶ ነበር። ባለቤቴ ከሥሯ የተነጠፈላት፣ በስተግርጌው እንደ ከረጢት የሆነ፣ መስመርና ቁጥር የታተመበት ግልጽ ላስቲክ ነው፤ ደሙ በዓይኔ እያየሁ ከመስመር ወደ መስመር ከፍ ይል ነበር። ሲስተር ፊታቸው ሳይለወጥ «500 አልፏል፤ ሰው ጥሩልኝ» አሉ። ሲስተር እስትንፋስ ስበው ሳይጨርሱ ሦስት ሰዎች ገቡ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመውለጃ ጊዜዋ የደረሰ ሴት በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ ማህፀኗ እንደሚፈስ፣ የእንግዴ ልጁ ከተላቀቀ በኋላ የተከፈቱትን የደም ሥሮች አንቆ የሚዘጋቸው የማህፀኑ ጡንቻ ራሱ እንደሆነ፣ ጡንቻው ካልተኮማተረ ግን የሚቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። እናንተ ግን ታውቁ ነበር። አንደኛው ማህፀኗን በእጁ እያሸ፣ ሌላዋ በክንዷ ደም ሥር አግኝታ ኦክሲቶሲንና ፈሳሽ እየሰጠች፣ ዶክተሯም የሚደማ ቁስል እንዳይኖር እየመረመሩ፣ ወጣቷ ነርስ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጮክ ብላ እየጠራች ትጽፍ ነበር። «11 ሰዓት ከ44፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም ተሰጥቷል» ብላ የደም ማቆሚያውን መድኃኒት የጠራችበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማንም ማንን አልገፋም፤ ማንም አልጮኸም። እኔን እንኳ አልረሳችሁኝም፤ አንዳችሁ ልጅቷን ከእናቷ ደረት አንስታ «ሸሚዝህን ክፈትና እቀፋት፤ ከራስጌዋ ቆመህ አናግራት» አለችኝ። የልጄ ገላ ገላዬ ላይ እየሞቀ፣ የእናቷ ግንባር ከእጄ ሥር እየቀዘቀዘ ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ከ12 ሰዓት ከሩብ ትንሽ ቀደም ብሎ ሲስተር መዳፌን እንደገና ይዘው ሆዷ ላይ አሳረፉትና «ያዝ፤ ጠነከረ» አሉኝ።

የፈሰሰው ደም ተለክቶ 1,100 ሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ ስለዚያ ላስቲክ የጠየቅሁት ወጣት ሐኪም ጊዜውን ሰውቶ ያብራራልኝን እዚህ የማነሳው፣ ምስጋናዬ የማን እንደሆነ በትክክል እንዲታወቅ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከፍተኛ የደም መፍሰስ በዓለም ላይ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እናቶችን ይገድላል፤ አንዱ ትልቅ ችግርም ደሙ በዓይን ግምት ሲለካ ከእውነተኛው መጠን አንሶ መታየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ይፋ ሲሆን፣ ደሙን በእንዲህ ያለ ላስቲክ መለካትና የታወቁትን ሕክምናዎች አንዱን ሞክሮ ሌላውን ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ መስጠት፣ ከባዱን የደም መፍሰስና የሚያስከትላቸውን ከፍተኛ ጉዳቶች በ60 በመቶ ቀንሷል። በእኛ ክፍል የተደረገው ይኸው ነበር። ብዙ ወዳጆቻችን ሊጠይቁን ሲመጡ «ተአምር ነው» ይላሉ። ፈጣሪን ሌት ተቀን አመሰግናለሁ፤ ይሁን እንጂ እኔ ቆሜ ያየሁት ሠልጥኖ የተዘጋጀ፣ ተለማምዶ የተጠባበቀ፣ በእኩለ ሌሊትም መስመር የሚቆጥር ሰው ሥራ ነው፤ ይህንን ሥራ በስሙ ሳልጠራው ባልፍ ውለታ የበላሁ ይመስለኛል።

ከእናንተ ቀጥሎ የማመሰግናቸው ሁለት ሰዎች አሉ፤ ማን እንደሆኑ ግን አላውቅም፣ እነርሱም እኔን አያውቁኝም። ረፋዱ ላይ ባለቤቴ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። ሁለተኛው ከረጢት ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድ አጠገቧ ተቀምጬ በላዩ የተለጠፈውን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩ፤ የደሙ ዓይነት፣ ደሙ የተወሰደበት ቀን፣ ጥቅም ላይ የሚውልበት የመጨረሻ ቀንና አንድ ረጅም ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ቀኑን ስቆጥር ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት የተለገሰ ነበር። በዚያ ቀን አንድ ሰው ከሥራው ወይም ከትምህርቱ ጥቂት ሰዓት ወስዶ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሰጥቶ ሄዷል። የባለቤቴ ከንፈር ቀለሙ ሲመለስ ያየሁት በዚያ ሰው ደም ነው። ወንድሜም ሁን እህቴ፣ ይህ ጽሑፍ ከዓይንህ ወይም ከዓይንሽ ቢደርስ፣ ያቺ ከረጢት የት እንደደረሰች እንድታውቁ እፈልጋለሁ፤ ዛሬ ሁለት ልጆቿን የምታጠባና የምታስተኛ እናት ዘንድ ናት። እኔም ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ለግሻለሁ።

በማለዳ ደሙን ሲያመሳክሩ ለቆዩት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ክፍሉን ካጸዱ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ወንበር አምጥተው ላስቀመጡኝ የጽዳት ሠራተኛ እናት፣ ታላቁን ልጃችንን ለአምስት ቀናት የያዙልንና አንድም ጊዜ ድምፃቸው ሳይሰበር በስልክ ያበረታቱኝ የባለቤቴ እናት፣ ሥራዬን ተካፍለው ለሸፈኑልኝ ባልደረቦቼ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አንቺን ደግሞ፣ የቤቴ እመቤት፣ በሰው ፊት እንዳመሰግንሽ እንደማትወጂ አውቃለሁ። ሆኖም ዓይንሽን በደንብ ገልጠሽ ያየሽኝ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ቃልሽ «ጠባች?» የሚል እንደነበር ልጆችሽ አድገው እንዲያነቡት እዚህ ጽፌዋለሁ። አልጠባችም ነበር። ሲስተር የሥራ ሰዓታቸው ካለቀ ቆይቶ ነበር፤ ያም ሆኖ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ መጥተው ልጅቷን ከጡትሽ አገናኟት፤ መጉረሷንም አረጋግጠው ሄዱ።

ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ አንድ ነገር እንድጨምር አሳስባኛለች። ሲስተር፣ የሱፍ ካልሲዎ እኛ ዘንድ ነው። ትናንት ይዘንልዎ መጥተን ነበር፤ የእረፍት ቀንዎ ሆኖ አላገኘንዎትም። ታጥቦ ተቀምጧል፤ ሰኞ ልጅቷን ይዘን ስንመጣ እናደርስልዎታለን።