ከኅዳር ጭስ የተረፈ ዘር

ሐዋሳ፣ ኅዳር 14 ቀን

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ማሙሽስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል፤ ከእኔ ጋር ለመጨቃጨቅ ግን ጉልበት አላጣችም።

«አባዬ፣ የግቢያችንን አበባ ዘር ላክልኝ፣ በረንዳዬ ባዶ ነው» ያልሽኝን አልረሳሁም። አያያዙን በስልክ ብነግርሽ «እሺ እሺ» ብለሽ እንደምትረሺው ስለማውቅ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ። ፖስታውን ጎረቤታችን ታደርስልሻለች።

የአምናውን ጉድ ነግሬሽ ነበር? ሜሪጎልዱ ደርቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ዘሩ በደንብ ይብሰል ብዬ ተውኩት። ኅዳር 12 ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢው ተጠርጓል፣ ጭሱ ይትጎለጎላል። እናትሽ የደረቀውን ሁሉ ነቅላ ኅዳርን አጥናበታለች! «ቆሻሻ መስሎኝ» አለች። እውነቷን ነው፣ ቆሻሻ ይመስላል። ሰዉ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ሲያቃጥል ኖሮ የእኔ ሜሪጎልድ ተለይቶ ሊተርፍ ነው?

ዘንድሮ ቀደምኳት። ኅዳር 10 ጤዛው እንደረገፈ መቀስ ይዤ ወጣሁ።

ሜሪጎልድ የሚቆረጠው የአበባው ቅጠል ጠውልጎ፣ አበባውን ከሥር ያቀፈው አረንጓዴ ነገር ገለባ ሲመስል ነው። አረንጓዴ እያለ ከቆረጥሽው ዘሩ እሸት ስለሆነ አይበቅልልሽም። የደረቀውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘሽ ሳብ ስታደርጊው ዘሩ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ይወጣል። ቀጫጭን ነው፤ ከታች ጥቁር፣ ከላይ እንደ ብሩሽ ነጣ ያለ። ዘሩ ጥቁሩ ነው።

ዚኒያ ግን ተንኮለኛ ነው። ብዙ ዘር ያፈራ ይመስልሽና ግማሹ ባዶ ይሆናል። በጥፍርሽ ጫን በይው። ጠንከር ካለ ያዢው፣ እጥፍ ካለ ጣይው። እኔ መነጽሬን አድርጌ አንድ ከሰዓት ሙሉ ይህንኑ ስሠራ ዋልኩ።

ከቧንቧው አጠገብ ያለችውን የእንሶስላ ዘመድ ታስታውሻታለሽ? ልጅ ሆነሽ ፍሬዋን እየነካሽ ጧ ስትል በሳቅ የምትፈርሺባትን? የእሷ ዘር ካልቀደሙት ግቢው ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። የነጠላ ቁራጭ በፍሬዋ ላይ አጥልቄ አሰርኩ። እናትሽ አይታ «ምነው፣ ወገቧን አመማት እንዴ?» አለች። ሱፉን ደግሞ ከሐይቁ ዳር የሚመጡት ጦጣዎች ቀደሙኝ፤ አንድ ፍሬ አልተረፈም። ጽጌረዳና ቡገንቪሊያ በዘር አትጠይቂኝ። እነሱ ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ ነው የሚተከሉት፣ ስትመጪ ትወስጃለሽ።

ዘር የሚወሰደው ከምርጡ ነው። ሰው ግን ምርጡን አበባ ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ዘሩን ከተረፈው ኮስማና ይለቅማል። እናቴ በቆሎ ሲደርስ ትልልቁን ራስ ለይታ ከምድጃው በላይ ትሰቅለው ነበር፤ ጭሱ ነቀዝ ያርቃል። ቤት ውስጥ እህል ሲሳሳ እንኳ ቀና ብለን እናየዋለን እንጂ ማንም አይነካውም። እኔ ምድጃም ጭስም የለኝም፣ ቀይ ክር ግን አለኝ። ያማረው አበባ ገና ሲፈካ አንገቱ ላይ ክር አስርለታለሁ። ክር ያለበት አይቆረጥም። እናትሽ ሕጉን የጣሰችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ለሠርግ ነበር፣ ይቅር ብያታለሁ።

አንቺ ከሱቅ ከገዛሽ ፓኬቱን እይው። «ኤፍ 1» የሚል ካለበት ድቅል ነው። ከእሱ የምትለቅሚው ዘር ይበቅላል፣ ነገር ግን እናቱን ላይመስል ይችላል። እኔ ድርብርብ ብርቱካናማ ካፈራልኝ ዘር ለቅሜ ብዘራ በሚቀጥለው ዓመት ነጠላ ቢጫ ወጣልኝ። ሻጩን ስረግም ከረምኩ። ሻጩ ምንም አላጠፋም።

አሁን ወደ አቀማመጡ። ካቻምና የኮስሞሱን ዘር በፌስታል ቋጥሬ ሳስቀምጥ ላብ አልቦት ሻገተ፤ ሳወጣው እንደ አሮጌ ዳቦ ይሸታል። ዘር ጠላቱ እርጥበትና ሙቀት ነው። ጋዜጣ ላይ በትነሽ፣ ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ታደርቂዋለሽ። ፀሐይ ላይ አታስጪው። ከዚያ በወረቀት ጠቅልለሽ ስምና ዓመተ ምሕረት ጻፊበት። ወረቀቶቹን ክዳኑ ግጥም በሚል ጠርሙስ ውስጥ ከተሽ፣ ምጣድ ላይ አሙቀሽ ያቀዘቀዝሽውን አንድ እፍኝ ሩዝ ጨምሪ፤ እርጥበቱን ይመጥልሻል። ፍሪጅ ውስጥ ታች ካስቀመጥሽው ደግሞ የተሻለ ነው። የእኔ ጠርሙስ ከቅቤው ጎን ነው፣ በዚህም ተጨቃጭቀናል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ 10 ዘር በረጠበ ሶፍት ጠቅልለሽ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪ። በሳምንቱ ክፈቺው። 8 ከበቀለ እሰየው። 3 ብቻ ከሆነ ጠጋ ጠጋ አድርገሽ ዝሪው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከዘራሽ ለእንቁጣጣሽ ይደርስልሻል ብዬ አስባለሁ። አዲስ አበባ ከእኛ ይልቅ ብርዳም ስለሆነ ብዙ አታዘግዪው፤ የክረምቱም ውኃ በቀጥታ እንዳይወርድበት።

በትንሿ ወረቀት ያለው ቁንዶ በርበሬ የሚመስለው ጥቁር ፍሬ የዚያች ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የምትፈካው አበባ ዘር ነው። መርዝነት ስላለው ማሙሽ እጅ እንዳይገባ። ልጁ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል ብለሽኛል።

የጠቀለልኩበት ወረቀት የአራተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተርሽ ነው። የዚኒያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «4 ከ10» የሚል አለ። እናትሽ «ሆን ብለህ ነው ያቺን ገጽ የመረጥካት» አለችኝ። እኔ እጄ የገባውን ነው የቀደድኩት።

ከታች ቀይ ክርም ጨምሬልሻለሁ።

አባትሽ