ያለ ማይክ የሚሰማ አዳራሽ ለጅማ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ጽ/ቤት
ጅማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈር ልጆች ክራርና ኪቦርድ አስተምራለሁ፣ አባቴ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የናንተው ግብርና ኮሌጅ ነው የሰራው፣ ስለዚህ ግቢውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ እዛ ካሉት የድሮ ቤቶች አንዱን መልኩን ሳትቀይሩ አድሱትና ሙዚቃ ያለ ማይክ የሚሰማበት ትንሽ አዳራሽ አድርጉልን።

ለምን መሰላችሁ። ባለፈው ክረምት አንዷ ተማሪዬ፣ 12 አመቷ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ክራር ልትጫወት በአንድ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጣች። ሶስት ወር ሙሉ ተለማምዳለች። ገና በትዝታ ቅኝት ጀመር እንዳደረገች ዝናቡ መጣ፣ የጅማን ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ክራር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎችም አይደማመጡም፣ ማይክ አመጡላት፣ ስፒከሩ ይጮሃል፣ ልጅቷ ጣቷን ክሩ ላይ እንዳደረገች ቆማ ቀረች። እናቷ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ያን ቀን ልጅቷን የሰማት ሰው የለም።

አዲስ አዳራሽ አይሻልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይሻልም። ግብርና ኮሌጁ በ1945 ዓ.ም በአሜሪካኖቹ የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የተጀመረ ትምህርት ቤት ነው፣ የዓለማያ ኮሌጅ (የዛሬው ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ) የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች እንኳን የዓለማያው ግቢ እስኪደርስላቸው እዚሁ ጅማ ነው የተማሩት። የሀገሪቱ የእርሻ ትምህርት ታሪክ እኮ እዛ ግቢ ውስጥ አለ! እንግዳ ሲመጣብን ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተመንግስት እናሳያለን፣ ከተማው ውስጥ ግን ገብተው ቁጭ የሚሉበት፣ የሆነ ነገር የሚሰሙበት የድሮ ቤት ቢኖረንስ?

የድሮ ቤትን ለሌላ ስራ ማዋል ለኛ አዲስ አይደለም፣ ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል የንጉስ ቤተመንግስት ነበር፣ በ1954 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ ዛሬ ሙዚየምም አለበት። ከውጭ ደግሞ ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ውስጥ ሳይንቲስቱ ራዘርፎርድ የተማረበት የድሮ ኮሌጅ ግቢ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ጎዳው፣ ትልቁ አዳራሽ ተጠግኖ በ2016 ተከፈተ፣ ኮንሰርት ይደረግበታል። ኮሌጁ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከዛ ግቢ ከለቀቀ ስንት አመቱ፣ ግን የሙዚቃ ትምህርቱን ወደ ድሮው የኬሚስትሪ ህንጻ መልሶ አስገባ።

እድሳቱ ላይ አደራ የምለው አለኝ። ኮንትራክተሩ ግድግዳውን ሴራሚክ እንዳያለብሰው፣ ወለል ሴራሚክ ግድግዳ ሴራሚክ ከሆነ ድምጹ እየተመላለሰ ይደበላለቃል። ባዶ ክፍል ገብታችሁ አንዴ አጨብጭቡና ድምጹ እስኪጠፋ ቁጠሩ፣ ለንግግር 1 ሰከንድ ገደማ ይበቃል፣ ለፒያኖና ለክር መሳሪያ 1 ሰከንድ ተኩል አካባቢ ደስ ይላል፣ ከዛ ሲያልፍ ግን ሁሉም ይምታታል። ዋናው ነገር ጣራው ነው፦ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሀል ድምጽ የሚውጥ ወፍራም ነገር ይግባ፣ ኮርኒሱ ራሱ ከበድ ያለ ይሁን። ፒያኖ ከተገዛም የጅማ እርጥበት እንጨቱን ስለሚያሳብጠው ቅኝቱ ቶሎ ቶሎ ይዛባል፣ የሚቃኝበት በጀት ከመጀመሪያው ይያዝ። ወንበሩን ግን ከሩቅ አታምጡ፣ የጅማ በርጩማ ሰሪዎች እያሉ!

ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚህ ከተማ ነው። ሙዚቃውን ግን እንግሊዝ ሄዶ፣ ቦስተን ሄዶ ነው የተማረው። ዛሬም እዚህ ያለ ልጅ ሙዚቃ በደንብ ልማር ካለ ብዙ ጊዜ የሚነገረው አዲስ አበባ ሂድ፣ ያሬድ ግባ ነው። አዳራሽ ትምህርት ቤት አይተካም፣ እሱን አውቃለሁ፣ ግን ልጅ የሚሰማው ሰው ካላገኘ ለማን ብሎ ይለማመዳል? የናንተ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሀገሩ ሁሉ የሚታወቀው ማህበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው፣ ስለዚህ አዳራሹ ለተማሪና ለአስተማሪ ብቻ እንዳይሆን፣ በወር አንድ ቀን እንኳን የመርካቶም የፈረንጅ አራዳም ሰው መታወቂያ አሳይቶ በነጻ ይግባ።

የትኛው ቤት እንደሚሆን ለማየት ኢንጂነር ስትልኩ በጋ ላይ አትላኩት፣ ሐምሌ ላይ ይሂድ፣ ዝናቡ እየወረደ ገብቶ ይስማው። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ፣ ልጅቷን ከነክራሯ ይዣት እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጅማ ነዋሪ