እጅህን ከመዘርጋትህ በፊት

ልጄ፣

የ200 ሰዓቱን የዮጋ አስተማሪነት ሥልጠና ጨርሰህ የሰርተፍኬትህን ፎቶ ስትልክልኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከሥሩ የጻፍካትን ግን ደጋግሜ አነበብኳት። «እማ፣ ከአሁን በኋላ ሰው መፈወስ እችላለሁ» ብለሃል። አልቆጣህም አባቴ፣ እኔም ስጀምር እንዲሁ ብዬ ነበር። በስልክ ብነግርህ ደግሞ ስለምታቋርጠኝ ነው የምጽፍልህ።

እኔን ወደ ዮጋ ያመጣኝ ወገቤ ነው። አንተን ከወለድኩ በኋላ ጎንበስ ብዬ ከአልጋህ ማንሳት ያቅተኝ ነበር። ጓደኛዬ ጎትታ ወሰደችኝ። አስተማሪዋ በጀርባዬ አስተኛችኝ፣ እግሮቼን ወንበር ላይ ሰቀለች፣ ከአንገቴ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ሸጎጠችና «በቃ፣ ተንፍሺ» አለችኝ። ሰዓቱ በዚሁ አለቀ። ለዚህ ነው እንዴ የከፈልኩት ብዬ በሽቄ ነበር። ስነሳ ግን ወገቤ ቀለል ብሎኛል፣ በሦስተኛው ወር አንተን እያነሳሁ ነበር።

ስህተቴ የመጣው ከዚያ ነው። ወገቤን ረዳኝ ማለት ሲገባኝ ዮጋ ሁሉን ያድናል ማለት ጀመርኩ፣ አስተማሪ ስሆን ደግሞ የሰው ሁሉ ወገብ የኔ ወገብ መሰለኝ። አንድ ቀን ዕድሜዋ ሃምሳ ያለፈ ተማሪዬ ቁጭ ብላ ወደ እግሯ ስትታጠፍ ከኋላ መጣሁና ጀርባዋን ጫን አደረግኩት። አልጠየቅኳትም። «ትንሽ ብቻ» እያልኩ ነው። ድምፅ አላሰማችም፣ ትንፋሿ ግን ከመዳፌ ሥር ቀጥ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ቀረች። ስደውልላት አጥንቷ መሳሳቱን ሐኪም ነግሯት እንደነበር፣ የጠየቃት ሰው ስለሌለ ግን ዝም እንዳለች ነገረችኝ። አጥንቱ የሳሳ ሰው ጎብጦ ሲታጠፍ ከላይ መጫን አከርካሪውን ሊሰብረው ይችላል። እግዜር ሲያወጣኝ ጡንቻዋን ብቻ ነበር ያመማት።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሲመጣ ምንጣፍ ሳይዘረጋ እጠይቀዋለሁ። ግፊት አለብህ? ቀዶ ጥገና? እርግዝናስ? ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ያለበትን ሰው በጭንቅላቱ አታቆመውም፣ የዓይኑ ግፊት ይጨምራል። ለመንካትም ፈቃድ ትጠይቃለህ፣ አይሆንም ካለህ ደግሞ አይሆንም ነው፣ ፊትህን አታጥቁርበት።

ባለፈው ሰውነት የምንደግፍበትን ጡብ መሳይ ነገር «ብሎክ የሰነፍ ነው» ብለህ ሳቅክ አይደል? ስማ እንግዲህ። ክሪሽናማቻርያ የሚባለው የሕንድ የዮጋ መምህር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ለወጣቶች ያስተምር የነበረው ዝላይ የበዛበት ከባድ ዮጋ ነው። አዛውንትና በሽተኛ ሲመጣበት ግን ያው ሰውዬ እንደ አቅሙ መጥኖ፣ ትንፋሽን አስቀድሞ ያስተምር ነበር። የሚስቱ ወንድምና ተማሪው የነበረው አዬንጋር ደግሞ በልጅነቱ ወባው፣ ታይፎይዱ፣ ቲቢው የተፈራረቀበት ልጅ ነው። ያንን ብሎክና ቀበቶ ዓለም እንዲያውቀው ያደረገው ይኼው ሰው ነው። ሰነፍ ይባላል እሱ?

ትንፋሽ ላይ ረጋ በል፣ እኔ ከአሳናው፣ ከሰውነት አቋቋሙ ሁሉ በላይ የማምነው እሱን ነው። ተማሪህ ጣቱን አንጓው ላይ አድርጎ ትርታውን ያዳምጥ፣ እስከ 4 እየቆጠረ ያስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠረ ያውጣ። ሲያስገባ ልቡ ትንሽ ትፈጥናለች፣ ሲያወጣ ቀስ ትላለች፣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው ልጓሙን የሚይዘው። ይህን በራሱ ጣት ከሰማ ስለ «ኃይል» ምናምን መስበክ አያስፈልግህም።

ሥራችንን እያጣጣልኩ እንዳይመስልህ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም መድኃኒት ከመሞከሩ በፊት ከሚመረጡት መካከል ዮጋን አስገብቶታል። ለወገብ ነው ያለው ግን፣ ለሁሉም አላለም። ተማሪህ «ተሽሎኛል፣ የግፊት ኪኒኔን ላቁመው?» ካለህ መልሱ የሐኪሙ ነው። ያንተ አይደለም።

አንድ ነገር ላክልልህ፣ ሥልጠናው ላይ ብዙም አይነግሩህም። መጨረሻ ላይ በሻቫሳና፣ በጀርባ ተኝቶ በማረፊያው ሰዓት፣ ተኝተው የሚያለቅሱ ሰዎች ይኖራሉ። ሮጠህ አትቀፋቸው። ምን ሆናችሁ ብለህም በሰው ፊት አትጠይቅ። መብራቱን ዝቅ አድርገህ ጠጋ ብለህ ቁጭ በል፣ ሰዓት ቢያልፍም ግድ የለም። መናገር ከፈለጉ ይናገራሉ፣ ካልፈለጉ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ።

ሐሙስ የመጀመሪያ ክፍልህ ነው ብለኸኛል። ቀደም ብለህ ግባና ብርድ ልብሶቹን አጣጥፋቸው። ስትጨርስ ደውልልኝ። ስንቱ ሰው በጭንቅላቱ እንደቆመ ሳይሆን ስንቱን ምን ብለህ እንደጠየቅክ ንገረኝ።

እናትህ