ጉዳዩ፦ ሳላየው ስለተጣለው የፍሪሲዮን ዲስክና በሹፌሬ ላይ ስለተሰጠው ፍርድ

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ጤና ይስጥልኝ።

የሚኒባሷ ሰሌዳ፣ ጋራዥ የገባችባቸው ቀናትና የከፈልኩት ገንዘብ በመዝገባችሁ ስላለ አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ትናንት ማታ ፎርማንዎ በስልክ የሰጡኝ መልስ ነው። ከዴራ በላይ ባለው ዳገት ላይ የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን እንደገና ማንሸራተት መጀመሩን እየነገርኳቸው ሳለ፣ ሳልጨርስ «እናቴ፣ ሹፌር ይቀይሩ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሹፌር አልቀይርም። ከዚያ በፊት እርስዎ ራስዎ የሰጡኝን ቃል ላስታውስዎት።

መኪናዋን ለሁለተኛ ጊዜ ሳስገባ፣ አዲስ የተገጠመ ዲስክ ይህን ያህል በአጭር ጊዜ ለምን እንደተበላሸ ሳይታወቅ ሌላ እንዳይገጠም አጥብቄ ለመንኩዎት። እርስዎም በቢሮዎ በር ላይ ቆመው፣ ሹፌሩ እየሰማ፣ «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እንደወረደ እንደውልልዎታለን፤ ዲስኩን በዓይንዎ ያያሉ፤ ምክንያቱን አብረን እንለያለን» አሉኝ። አመስግኜ ሄድኩ። ስልክ ስጠብቅ ሰነበትኩ። እኔ ስደውል ደግሞ «ገና ነው»፣ «ካምቢዮው አልወረደም»፣ «ነገ ይነካል» ይባላል። ቅዳሜ ጠዋት ሳልጠራ መጣሁ። መኪናዋ ተገጥማ አልቃ በሩ አጠገብ ቆማለች። ፎርማኑ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ተጠናቋል፣ ሒሳብ ክፍል ይሂዱ» አሉኝ።

ዲስኩ የት አለ? አልኳቸው። ተጥሏል አሉ። የት ተጣለ? ቆራሌው ወስዶታል። ታዲያ ምን አያችሁበት? «ተቃጥሏል፤ ልጁ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ ነው የሚነዳው።» ዘይት ነክቶት ነበር ወይ? ብዬ ስጠይቅ ሳቁ። እዚያ ቆመው በነበሩት ደንበኞችና በልጁ ፊት «እናቴ፣ ይህን ለመካኒክ ይተዉት፤ መኪና የወንድ ሥራ ነው» አሉኝ። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ የሹፌሩ ስለሆነ ዋስትናው አይሠራም ተብሎም ሙሉ ዋጋ እንደገና ከፈልኩ። ካልከፈልኩ መኪናዋ እንደማትወጣ ተነግሮኝ ነበርና።

ጥያቄዬ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ባለቤቴ ዕድሜውን በናፍጣ መኪና ላይ የጨረሰ ሰው ነበር፤ እኔም ከአጠገቡ ሆኜ ያየሁትን አውቃለሁ። በእግር ማሳረፍ ያለቀ ዲስክ ሽፋኑ ሳስቶ ሽፋኑን እስከያዙት ሪቬቶች ይበላል፤ ዲስኩ የሚጫንበት የሞተሩ ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖውም፣ በሙቀት ሰማያዊ ይሆናል፣ አንዳንዴም ስንጥቅጥቅ ይላል። ዘይት የነካው ዲስክ ደግሞ ውፍረቱ እንዳለ ሆኖ ፊቱ ጠቁሮና ወዝቶ ይገኛል። ሁለቱን ለመለየት ዲስኩን አገላብጦ ማየት ብቻ በቂ ነበር። ያንን ነው የጣላችሁት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እናንተ ግን ሥሩን ለቆራሌው ሸጣችሁ ቅርንጫፉን ለእኔ ሁለት ጊዜ አስከፈላችሁኝ።

የተደረገው ሙከራም ያሳዝናል። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አራተኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ያንሸራትታል ማለት ነው። ፎርማኑ ይህን አደረጉ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ «ጤነኛ ነው» ተባለ። ነገር ግን ሙከራው የተደረገው ጠዋት፣ መኪናዋ ግቢያችሁ አድራ ቀዝቅዛ ሳለች ነው። ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ሰው ሞልታ፣ በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ስትይዝ ነው፤ ያን ጊዜ ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቷ ግን አይጨምርም። ይህን ሹፌሩም እኔም ደጋግመን ተናግረናል። መኪናዋን አሙቆ፣ ተሳፋሪ የሚያህል ጭነት አድርጎ፣ ወደ ዳገት ይዟት የወጣ ከእናንተ አንድም ሰው የለም።

መኪናዋ ከባድ ሥራ እንደምትሠራ አልደበቅኩም። መስመሯ አዳማ አሰላ ነው። አሰላ ከአዳማ ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አዋሽ መልካሳን አልፎ ከዴራ ጀምሮ እስከ ኢተያና ከዚያም ወዲያ መንገዱ መውጣት ነው። ስትመለስም ጣሪያዋ ላይ የድንችና የገብስ ጆንያ አይጠፋም። ይህን ሁሉ እያወቃችሁ ነው ዋስትና የሰጣችሁት። ደግሞስ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ፍሪሲዮን በዚሁ ሹፌር እግር፣ በዚሁ ዳገት ላይ ዓመታት ቆይቷል። የልጁ አነዳድ የተበላሸው እናንተ ጋ ከመጣን በኋላ ነው?

ትናንት ኢተያ ላይ ስትቆም ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ሥር ዘይት ሲንጠባጠብ ታይቷል። ቀጭንና ጥቁር ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ወፍራምና ሽታው የሚከረፋ ስለሆነ ይህ የሞተር ዘይት ለመሆኑ አልጠራጠርም። ሹፌሩ ያነሳውን ፎቶ አያይዣለሁ። ከቮላኖው ጀርባ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ እያፈሰሰ ከሆነ፣ ስንት ዲስክ ቢቀየር ሁሉም በዘይት ይነከራል። ካምቢዮው ሁለት ጊዜ ሲወርድ ያንን ጎማ ያየ ሰው ነበር? ሠርታችኋል በተባለው ወረቀት ላይ ስለ ጎማው አንድ ቃል አልተጻፈም። ቮላኖው ፊቱ እንዲስተካከል ወደ ቶርኖ ቤት ስለመሄዱም የተጻፈ ነገር የለም።

ዝም ብዬ ያለፍኩትንም አሁን እናገረዋለሁ። ደረሰኝ የተሰጠኝ ለዕቃው ብቻ ነው፤ ለእጅ ሥራ የከፈልኩት በባዶ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነው የተሰጠኝ። ክሪኩ ከመቀመጫው ሥር ጠፍቷል። ናፍጣው ቀንሶ ነው የተረከብነው። የፊት ወንበሩ ጨርቅ በግራሶ ተበላሽቶ ይኸው እስካሁን አልለቀቀም።

የምጠይቀው መኪናዋ እኔና ሹፌሩ ባለንበት እንድትፈታ፣ አሁን የተገጠመው ዲስክ በእጄ እንዲሰጠኝ፣ ጎማው አፍስሶ ከተገኘም ጎማውና ዲስኩ ያለ ምንም ክፍያ እንዲቀየሩና ቮላኖው እንዲስተካከል ነው። ለሁለተኛው ጥገና የከፈልኩት ገንዘብ ይመለስልኝ። ይህን ስጽፍ ሳስበው ደግሞ ይህ ብቻ አይበቃም፤ መኪናዋ ቆማ የቀረብኝን ገቢም እጠይቃለሁ። ፎርማኑም ልጁን በሰው ፊት እንደወቀሱት በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቁት። የሚኖረው በዚህ ሥራ ነው፤ መናኸሪያ ውስጥ «ፍሪሲዮን አቃጣይ» የሚል ስም ከወጣለት መኪና የሚያምነው ባለንብረት አያገኝም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ቅዳሜ ዕለት አንዱንም አላገኘሁም። እስከ ዓርብ ድረስ በእርስዎ ፊርማ የተጻፈ መልስ ካልደረሰኝ፣ ደረሰኞቹንና ፎቶውን ይዤ ሰኞ ጠዋት ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። ከፎርማኑ በስልክ የሚመጣ መልስ አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር
የሚኒባሷ ባለቤት

አባሪ፦ የደረሰኞች ቅጂና ኢተያ ላይ የተነሳ ፎቶ