ልጁን «ያየኸውን ንገረን» አትበሉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ወደ ጎጃም ወረዳዎች እርዳታ ይዘው የሚሄዱ ቅን ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ግጭትና ተኩስ ያስደነገጣቸውን ልጆች ይሰበስቡና አንዱን ከመካከል አስነሥተው «ያየኸውን ንገረን» ይሉታል። እባካችሁ ይህን ተዉ። ሰውን ከአደጋ ማግስት አንድ ጊዜ ቁጭ አድርጎ የደረሰበትን ማስዘርዘር የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። እንግዶቹ በመኪናቸው ሲመለሱ የተቀሰቀሰው ፍርሃት ከልጁ ጋር ያድራል፤ ሲሰሙ የዋሉትም ያላዩትን ጭምር ይዘው ይገባሉ። በራሱ ጊዜ ካወራ ይደመጥ፤ ዝም ካለም አይጎትጎት።

ሥራው የሚጀመረው ከአሳዳጊው ነው። እናቱ ወይም አያቱ እየራዱ ልጅ አይረጋም። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስለ ልጁ ከመጠየቋ በፊት «አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» ትበላት። ከዚያ ለአሳዳጊም ለልጅም የሚሆነውን የማረጋጊያ አተነፋፈስ ታሳያቸው፦ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ፣ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ አየር ማስገባት፣ 6 እየቆጠሩ በአፍ ማስወጣት፤ 5 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ብዙ ሰው ደረቱን ነፍቶ በኃይል ስለሚስብ ራሱን ያዞረዋል፤ መርዘም ያለበት ማስወጣቱ ነው። ቁጥር የማይገባውን ሕፃን ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ እፍ እንዲል አድርጉት። ልምምዱ ግን ልጁ ደህና በሆነበት ሰዓት ይጀመር፤ ሲጮህ ቢያስተምሩት አይሰማም።

ሽንቱን ይቆጣጠር የነበረ የ7 ዓመት ልጅ መኝታው ላይ መሽናት ሲጀምር በአንዳንድ ቤት ዱላ፣ ባስ ሲልም በርበሬ ማጠን ይከተላል። ይህ ፍርሃቱን ያባብሰዋል እንጂ ሽንቱን አያቆመውም። ከመኝታው 2 ሰዓት በፊት ጀምሮ የሚጠጣው ይቀነስ፣ ሊተኛ ሲል ይሽና፤ ሌሊት ደጅ መውጣት ከፈራ ፖፖ አጠገቡ ይቀመጥለት። ሲሸና የሚያቃጥለው ወይም ውኃ ጥም የሚበዛበት ከሆነ ግን ኢንፌክሽን ወይም ስኳር ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይታይ።

ድምፅ ደግሞ የእኛ አገር ፈተና ነው። ጥይቱ በሰርግም በለቅሶም ይተኮሳል፤ ነሐሴ ሲገባ የቡሄ ጅራፍ ይመጣል። ጅራፍ ሲጮህ አልጋ ሥር የሚገባውን ልጅ ቀደም ብላችሁ አዘጋጁት። መጀመሪያ ጅራፉን በእጁ ይዞ ይየው። በሌላ ቀን ከሩቅ ሲጮህ እያየ ይስማ፤ ሲለምደው ቀረብ ይበል፤ በመጨረሻ ከፈለገ ራሱ ያጩኸው። እምቢ ያለበት ቦታ ላይ ቁሙ። ከኋላው ድንገት ማጩኽ የሳምንት ድካም ያፈርሳል። «ወንድ ልጅ አይፈራም» የሚሉትን ታላላቆቹንም ዝም አስብሉልን፤ እንዲህ የተባለ ልጅ ፍርሃቱን ይደብቃል እንጂ አይተወውም። ለሰርግ ደጋሾችም፦ ተኩሱ ቢቀር ድግሱ አይጎድልበትም።

ቅዠቱና መደንበሩ ከ1 ወር ካለፈ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ልሙት ካለ ወይም ራሱን ሊጎዳ ከሞከረ ቀን አይቆጠርም፤ ያኔውኑ ነው። ጠበል የሚወስዱ ወላጆችን አትውሰዱ አንልም፤ ግን ልጁ አይታሰር፣ ተይዞ በግድ አይጠመቅ፣ የጀመረውን ሕክምናም አያቋርጥ። እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ ዲያዜፓም ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት ግን በፍጹም አይገባም።

በሕፃናት የአእምሮ ጤና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
ከደብረ ማርቆስ